ገመዱ ባሕር ውስጥ ሳለ፦ ለወጣት ተመራማሪዎች

ባለፈው ወር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «የመለኪያ መሣሪያው ዓመት ሙሉ ውቅያኖስ ውስጥ ሲቀመጥ እናንተ ምን ትሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የዚያን ዕለት በአጭሩ መለስኩላት፤ ጥያቄዋ ግን ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ፣ አትላንቲክ ውስጥ ካሉት የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ይዤው የመጣሁትን ቁጭት ቀስቅሶብኛልና እነሆ እጽፋለሁ።

ከደሴቶቹ አንዷ ከሆነችው ከሳኦ ቪሴንቴ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ጥልቀቱ 3600 ሜትር ገደማ በሆነ ስፍራ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የተተከለና በየጊዜው እየወጣ የሚታደስ የመለኪያ ገመድ አለ። ከታች ከባድ የብረት መልሕቅ ይዞት፣ ከላይ ተንሳፋፊ ኳሶች ወጥረውት ይቆማል፤ በመካከሉ ሙቀትን፣ ጨውን፣ ኦክስጅንንና የውኃውን ፍሰት የሚለኩ መሣሪያዎች ታስረዋል። ጊዜው ሲደርስ ከመርከብ የሚላክ የድምፅ ምልክት ከመልሕቁ በላይ ያለውን መቆለፊያ ይከፍትና ገመዱ ወደ ላይ ይመጣል። ለባሕሩ የላይኛው ገጽ የቀረቡት መሣሪያዎች አረንጓዴ ልጥልጥና ዛጎል ለብሰው ሲወጡ፣ ከጥልቁ የመጡት ትናንት የገቡ ይመስላሉ።

ለዚህ ሥራ በሳኦ ቪሴንቴ የወደብ ከተማ በሚንዴሎ በነበርንበት ጊዜ፣ በመነሻችን ዋዜማ፣ ከዓሣ ገበያው አጠገብ መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አገኘሁ። አንድ የወደብ ሠራተኛ ወጣት የአገሬውን ቋንቋ፣ ክሪዮሉውን፣ ያስተረጉምልን ነበር። አባታቸው ለእንግሊዝ መርከቦች ከሰል ይሸከሙ እንደነበር ነገሩኝ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀውን ረሃብ በልጅነታቸው አይተዋል። ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰሙ መረቡን አስቀምጠው፣ «እናንተም ድርቅን ታውቁታላችሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ዘመድ ነበር የሚያወሩኝ።

አንዳንድ ዓመት፣ አሉኝ፣ ከምሥራቅ የሚመጣ ውኃ አለ፤ እሱ ሲመጣ ዓሣው ወደ ላይ ተገፍቶ ይከማቻል፣ ለጥቂት ቀን መረብ ይሞላል፣ ከዚያ ባሕሩ ባዶ ይሆናል። በየትኞቹ ዓመታት እንደሆነ ስጠይቃቸው በልጆቻቸው ልደትና ወደብ በገቡ መርከቦች እያሰሉ መቁጠር ጀመሩ። ቆጠራው ሳያልቅ ወደ መርከብ ተጠራን። በሌላ ጉዞ ስመለስ ተቀብረው ነበር።

በ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገመዱ የኦክስጅን መለኪያ ከባሕሩ የላይኛው ገጽ ብዙም ሳይርቅ ወደ ዜሮ የተጠጋ መጠን መዝግቧል፤ በክፍት ሰሜን አትላንቲክ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ተብሎ አይታሰብም ነበር። መንስኤው ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ትልቅ የውኃ አዙሪት ሆኖ ተገኘ። ጥቃቅን የባሕር እንስሳትም ያን የታፈነ ንብርብር ሸሽተው በላዩ ባለው ስስ ውኃ ተከማችተው ነበር። የልኬቱን ሥዕል ሳይ እኒያ አዛውንት ትዝ አሉኝ። እሳቸው ያዩት ይኸው ይሁን ሌላ፣ ዛሬ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የገመዱ ትዝታ ከ2006 ይጀምራል፤ የእሳቸው ከዚያ በስድሳ ዓመት ይቀድም ነበር።

ሒሳብና ፕሮግራም ተማሩ ብዬ አላደክማችሁም። የዛሬ ወጣቶች የሳተላይት ምስል በየማለዳው ስለሚደርሳችሁ፣ ዓመት ሙሉ ዝም የሚልን መሣሪያ የመጠበቅ ትዕግሥት እየሳሳባችሁ ይመስለኛል። ትዕግሥትን እመክራለሁ፤ በሚንዴሎ ግን ያስፈልግ የነበረው ጥድፊያ ነው፣ ምክንያቱም መሣሪያ ይጠብቃል፣ ሰው አይጠብቅም።

ስለዚህ በጣና ወይም በዝዋይ የምትሠሩ ሁሉ መለኪያ ከመትከላችሁ በፊት በታንኳ የኖሩትን አባቶች ጠይቁ። ከሚያምኑት ሰው ጋር ሂዱ፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ይኑር። «የጥምቀት ማግስት» ወይም «የታላቋ ልጄ ክርስትና ሰሞን» ቢሏችሁ በራሳቸው አነጋገር ጻፉት፤ ወደ ቀንና ዓመተ ምሕረት የምትመልሱት ማታ፣ ቤታችሁ ስትገቡ ነው።