ቁንዝላ ላይ የምናድራት ሌሊት ትቆጠራለች ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጣና ጀልባና ሠራተኛው

ጥያቄ፦ ሰውና ጭነት በምታመላልስ መርከብ ላይ ገመድ ያዥና ጫኝ ነኝ። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ከባሕር ዳር እንነሣለን፤ ቁንዝላ አድረን ሰኞ ደልጊ እንገባለን፤ ሐሙስ ተነሥተን ዓርብ እንመለሳለን። ስናድር መርከቧን ጠብቅ እባላለሁ። አሠሪዬ «ተኝተህ ለምታድርበት የምን ትርፍ ሰዓት ነው?» ይለኛል። እውነቱ የቱ ነው?
የመርከብ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ዋናው ነገር መተኛትዎ ወይም መንቃትዎ ሳይሆን ከመርከቧ መለየት ይችሉ እንደሆነ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው የሚሠራበትን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ነው። ቁንዝላ ገብተው፣ እራትዎን በልተው፣ አልጋ ይዘው ማደር ከቻሉ ያ ጊዜ የራስዎ ነው። «ገመዱን እያየህ፣ የገባውን ውሃ እየቀዳህ እደር» ከተባሉ ግን ሥራ ላይ ነዎት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የወር ደመወዝዎ 6,240 ብር ቢሆንና በወር 208 ሰዓት ቢካፈል የሰዓትዎ ዋጋ 30 ብር ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 45 ብር ይከፈላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ ነው፤ 52 ብር ከ50 ሳንቲም። በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ (60 ብር)፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ (75 ብር) ይሆናል። እሑድ ጉዞ ላይ 10 ሰዓት ሠርተው፣ ሌሊት ደግሞ 2 ሰዓት ጥበቃ ቢቆሙ፣ ከ8 በላይ ላሉት 2 የቀን ሰዓታት 90 ብር፣ ለሌሊቱ 105 ብር፣ በድምሩ 195 ብር ይገባዎታል። ይህ የሚሆነው እሑድ የዕረፍት ቀንዎ ካልሆነ ነው። እንደ መጓጓዣ ባለ ሥራ ዕረፍቱ ወደ ሌላ ቀን ሊዛወር ስለሚችል በየሰባቱ ቀን ያልተቋረጠ 24 ሰዓት የሚያርፉበት ቀን የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይያዙ።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በአንድ ደርሶ መልስ አራት ቀን ይጓዛሉ። በየቀኑ 4 ሰዓት ትርፍ ቢሠሩ 16 ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ከሕጉ ውጭ ነው። መፍትሔው ተለዋጭ ሰው መመደብ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጠብቆ ያደረ ሰው ጠዋት በመርከቧና በወደቡ ግንብ መካከል ገመድ ሲወረውር እጁን ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ተለዋጭ ሰው መጠየቅ እንደ ልመና ሊታይ አይገባም።

አሠሪው «ማክሰኞና ረቡዕ ደልጊ ቆማችሁ አርፋችኋል፣ በአማካይ 48 ሰዓት አልሞላም» ሊል ይችላል። አዋጁ የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ ሰዓትን በአማካይ ማስላት ይፈቅዳል። ስለዚህ በድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ላይ እንዲህ ያለ አሠራር ተጽፎ እንደሆነ አስቀድመው ያንብቡ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ጭነት ሲያወርዱ ውለው ከሆነም ክርክሩ አያዋጣውም።

ዛሬውኑ አንድ ደብተር ይግዙ። ቀኑን፣ የተነሡበትንና የቆሙበትን ሰዓት፣ የምሳ ዕረፍቱን፣ የሌሊቱን ጥበቃ፣ ማን እንዳዘዘዎት በየማታው ይጻፉ፤ ካፒቴኑ የሚሞላውን የጉዞ መዝገብም ገጹን በስልክዎ ያንሱ። ይህ አስፈላጊ የሆነው የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ስለሚታገድ ነው። ብዙ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የአምስት ዓመቱን አጠራቅሞ ይመጣል፤ የሚያገኘው ግን የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ብቻ ነው። ከሥራ ተባርሮ መመለስ የሚፈልግ ደግሞ 3 ወር ብቻ አለው።

ጥያቄ፦ የደመወዝ እርከን ይሻሻል ብለን ከጠየቅን ዓመት ሆነን። መርከብ ማቆም ይፈቀድልናል?
ስማችን ይቆየን ያሉ ሠራተኞች

መልስ፦ አዋጁ ሥራ ማቆም የሚከለክለው እንደ አየር መጓጓዣ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ሆስፒታል፣ እሳት አደጋና ቴሌኮሙኒኬሽን ባሉ አገልግሎቶች ነው። የሐይቅ ጀልባ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቅደም ተከተሉን ከዘለላችሁ ግን እርምጃው ሕገ ወጥ ይሆናል። መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበር ይኑራችሁ፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ 10 ሠራተኛ ካለ መመሥረት ይቻላል። ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፤ በድርድር ካልተፈታ ወደ አስማሚ ይሂድ። ለአስማሚው 30 ቀን ተሰጥቶታል። ከዚያ ከአባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ አብላጫው ድምፅ ይስጥ፤ ቃለ ጉባኤውም ይፈረም። ቀጥሎ ምክንያቱን ገልጻችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ለአሠሪውና ለሥራ ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስታውቁ። ጉዳዩ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ወይም በፍርድ ቤት እየታየ ከሆነ 30 ቀን ሳይሞላ ማቆም አይፈቀድም።

ስታቆሙም መርከቧ ወደብ ላይ ታስራ፣ መንገደኛ ወርዶ፣ ሞተር ክፍል ጠባቂ ቀርቶላት ይሁን። ደቅ ደሴት ላይ ሰው ጥሎ መቅረት ጥያቄያችሁን ያረክሰዋል። የእርከን ጉዳይ የወል ክርክር ስለሆነ መንገዱ አስማሚና ቦርድ ነው። የአንድ ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን የግል ክርክር በመሆኑ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ አትቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ በጣና ላይ የመርከብ አገልግሎት እንዴት ተጀመረ? መርከቦቹስ በየት መጡ?
ተማሪ፣ ከጎርጎራ

መልስ፦ ከሞተር በፊት ሐይቁን የያዘው የነገደ ወይጦ የደንገል ታንኳ ነው፤ ዛሬም አልጠፋም። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ቆሞ ይደርቃል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የእናንተኑ ጎርጎራ ወደብ አድርጎ የሞተር ጀልባ አሠማራ። በንጉሡ ዘመን ናቪጋታና የተባለ ኩባንያ በሐይቁ ላይ ሠራ። ኋላም የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰውን መስመር ለብዙ ዘመን ይዞ ኖረ።

ጣና ወደ ባሕር የሚያወጣ የመርከብ መንገድ የለውም፤ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሩቅ ሳይሄድ ጢስ ዓባይ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እዚህ የምትንሳፈፍ መርከብ ሁሉ ወይ ዳር ላይ ተገጣጥማለች ወይ በየብስ ተጭና መጥታለች። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው መርከብም ከጅቡቲ የመጣችው በመኪና መንገድ ነው። ይህ ዋጋውን ያከብደዋል፤ ያለችውን መርከብ በጥገና ማቆየት ግድ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የውሃው መጠንም አገልግሎቱን ይወስናል። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግንቦትና ሰኔ ዝቅ ይላል፣ መስከረምና ጥቅምት ይሞላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ያለው የጨራ ጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ከፍታው በሰው እጅም ገባ። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሐይቁ እጅግ ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች መንቀሳቀስ ተቸግረው ነበር።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ቡናና ጌሾ ጭኜ ወደ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። ባለጀልባዎቹ ከሰዓት በኋላ ስመጣ ለምን ያጉረመርማሉ?
ነጋዴ፣ ከዘጌ

መልስ፦ ልክ ናቸው። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከሐይቁ ወደ ዳር የሚነፍሰው ነፋስ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ጀልባዋን ይደበድባታል። ጠዋት ይጫኑ። ከረጢቱ ከወለሉ ላይ፣ መሐል ለመሐል ይደርደር፤ ከጀልባዋ ጠርዝ በላይ አይከመር። ጌሾ ቀላል ነው ብለው ከፍ አድርገው አይቆልሉ፤ ነፋስ ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ የሚገለብጠው ግን ሞገዱ አይደለም፤ ወደብ ሲደርስ ሰው ሁሉ በአንድ ጎን ተነሥቶ ለመውረድ መጋፋቱ ነው። ገመዱ እስኪታሰር ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ባለ40 ፈረስ ጉልበት ሞተሬ እምቦጭ ውስጥ ሲገባ ይግላል፤ ሙሉ ነዳጅ ብሰጠውም ዙሩ አይሞላም።
ባለጀልባ፣ ከደልጊ

መልስ፦ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የሚግለው የእምቦጩ ፀጉራም ሥር ውሃ የሚስበውን ወንፊት ስለሚደፍነው ነው። ከሞተሩ ጎን የምትፈናጠቀው ቀጭን ውሃ ከቀነሰች ወዲያው ወደ ዜሮ ማርሽ ይመልሱ። በዝግታ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ማርሽ ያሽከርክሩት፤ የተጠመጠመው ሥር ይፈታል። ካልሆነ ሞተሩን አጥፍተው፣ የማጥፊያውን ገመድ ነቅለው ወደ ላይ ያንሡት፤ ገመዱ ሳይነቀል እጅዎን ወደ ፕሮፔለሩ አይስደዱ። ወንፊቱን በጣትዎ ጠርገው ያስነሡት። ውሃዋ ካልተመለሰች በዚያው አይንዱ፤ የፓምፑ ጎማ ያለ ውሃ ሲዞር በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። በርብና በጉማራ ወንዞች ደለል ውስጥ የሚሠራ ጀልባ ጎማውን በየዓመቱ ቢቀይር ይሻላል፤ አንድ መለዋወጫም ጀልባው ላይ ይኑር።

ፕሮፔለሩን ነቅለው ከኋላው የናይለን መረብ ክር መኖሩን ይመልከቱ። ክሩ የዘይት መከላከያ ጎማውን ይቆርጣል። የማርሹ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

ዙሩ የማይሞላው በከፍታው ምክንያት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ የእርስዎ 40 እዚህ 33 ገደማ ይቀረዋል። ለባሕር ወለል የተመረጠ ፕሮፔለር ይከብደዋል። የፒች ቁጥሩ (ከዲያሜትሩ ቀጥሎ የሚጻፈው ሁለተኛው ቁጥር) በ1 ወይም በ2 ኢንች የሚያንስ ይግጠሙ፤ አንዷ ኢንች በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ትጨምራለች። ሲሞክሩት የተለመደውን ጭነት ጭነው ይሁን፤ በባዶ ጀልባ የሞላ ዙር ከረጢት ሲጫን ተመልሶ ይወርዳል።