ያ ግዙፍ ስክሪን ለምን እዚያ ተሰቀለ? ስለ ቤዝቦል ስታዲየም ጥያቄና መልስ

ስለ ቤዝቦል ስታዲየም ስክሪን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣውን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከወርዋሪው ጀርባ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ለምን ባዶ ጥቁር ግድግዳ ይተዋል? ስክሪን የሚያምረው እዚያ አልነበር?

መልስ፦ ያምር ነበር፤ ግን ኳሷን በዱላ የሚመታውን፣ መቺውን፣ ማን ያስብለት? ኳሷ ነጭ ናት፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ትመጣለች። እሱ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። ከጀርባዋ ስክሪን ቢብለጨለጭ፣ ወይ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ተመልካች ቢቀመጥ፣ ጠፋች ማለት ነው። ቦታው «ባተርስ አይ» ይባላል፣ የመቺው ዓይን እንደማለት። ስክሪኑ ወይ እንደ ያንኪ ስታዲየም ከላዩ ይወጣል፣ ወይ ወደ ጎን ይገፋል። ዋሽንግተን ናሽናልስ ፓርክ የገባችሁ ወደ ቀኝ ገፋ ብሎ አይታችሁታል።

ጥያቄ፦ እንደ ቅርጫት ኳስ መሃል ላይ ቢንጠለጠልስ?

መልስ፦ አብዛኞቹ ጣሪያ የላቸውም፤ በምን ይንጠልጠል? ደግሞ በ2009 ቴክሳስ ውስጥ በካውቦይስ አዲስ ስታዲየም፣ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የጠለዛት ኳስ የተንጠለጠለውን ስክሪን መታችው። በእግር ነው እንግዲህ! በዱላ ሲሆን አስቡት።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ሲመታው አይደበዝዝም?

መልስ፦ ይቺን ወድጃታለሁ። የጨዋታው ደንብ ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት) ወደ ሁለተኛው ቤዝ (ከወርዋሪው ጀርባ ወዳለው የሯጮች ማረፊያ) ያለው መስመር ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን አዘንብሎ ቢሄድ ይመረጣል ይላል። መቺው የማታ ፀሐይ ከጀርባው ትሆንለታለች። ፊቱ ወደ ምዕራብ የዞረው ስክሪን ግን ያው ይቀምሳታል። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ከየአምፖሉ ረድፍ በላይ እንደ ኮፍያ ጥላ ብቅ ያለ ቀጭን ጥቁር ክዳን አለ። የቀትሯን ፀሐይ ይከልላል። ዝቅ ስትል ግን ዋጋ የለውም፤ ያኔ ብርሃኑን መጨመር ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የት ነው? ትልቁስ?

መልስ፦ ባለ ቀለሙን ግዙፍ የቪዲዮ ስክሪን የሎስ አንጀለሱ ዶጀር ስታዲየም በ1980 ጀመረው፤ ሥራው የሚትሱቢሺ። የኒውዮርኩ ሲቲ ፊልድ ስታዲየም በ2023 ያስገባው 1,600 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲተከል ከሊጉ ትልቁ ነበር።

ጥያቄ፦ አሮጌዎቹ ስታዲየሞችስ?

መልስ፦ ቺካጎ ሪግሊ ፊልድ ከ1937 ጀምሮ ሰው ውስጡ ገብቶ ቁጥሩን በእጅ የሚቀይርበት ሰሌዳ አለ። በ2015 በግራ በኩል ስክሪን ሲጨመር፣ ከመንገዱ ማዶ ጣሪያ ላይ ወንበር ደርድረው ቲኬት የሚሸጡት ሰዎች «እይታችን ተከለለ» ብለው ከሰሱ። ተረቱ። አሮጌው ሰሌዳ ግን አሁንም በእጅ ይሠራል።