ሐይቅ ላይ ማደር ሳይሆን ማርፈድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ እንግሊዝ አገር ጀልባ ተከራይቶ ከነቤተሰቡ በቦይ ውኃ ላይ ሲያዘግም፣ ሲያበስልና ሲተኛ የሚያሳይ ፎቶ ልኮልሻል። አንቺም ከመስቀል በኋላ ባለቤትሽን፣ ሁለት ልጆችሽንና እናትሽን ይዘሽ ወደ ወሎ ስትመጪ ደሴ አቅራቢያ ባለው፣ ስሙም ሐይቅ በሆነው ሐይቃችን ላይ እንዲሁ ሁለት ሦስት ቀን ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ፣ ካልሆነም ጣና ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። «ኑ ብቻ፣ ሁሉም አለ» ያሉሽን አትስሚ። «ወሎ ላይ ምን ጀልባ አለ?» ብለው የሳቁትንም እንዲሁ።

እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት እዚያው እንግሊዝ አገር ያለችውን የሥጋ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ከእርሷና ከባሏ ጋር ላንጎለን በሚባለው ቦይ አራት ቀን በጀልባ ተጉዘናል። ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ የዚያ አራት ቀን ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎ ሁለት ጓደኞቼን ወተወትኩና በዕቁብ ብር አንዲት ትንሽ የፋይበር ጀልባ ገዝተን ሐይቅ ላይ አወረድን። መሀል ላይ በጦርነቱ ጊዜ ተገልብጣ ሣር ለብሳ የከረመችበት ዘመን አለ። ሞተሯን ግን አንድ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ በጭድ ሸፍኖ አቆየልን፤ ውለታው አይረሳኝም።

ወንድምሽ በላከልሽ ፎቶ ላይ ያለችው ጀልባ እንደ አውቶቡስ ረጅም ሆና ወገበ ቀጭን መሆኗን አስተውለሽ ይሆናል። ስፋቷ 2 ሜትር ከጥቂት ነው፣ ርዝመቷ ግን እስከ 21 ሜትር ይደርሳል። ከ200 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ለጭነት የተሠሩት፣ ጀልባ ከአንድ የውኃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያልፍባቸው የውኃ በሮች በዚያ ልክ ስለሆኑ ጀልባዎቹም ከዚያ ሊሰፉ አልቻሉም። ፍጥነቷ በሰዓት ከ4 ማይል፣ ማለትም ከ6 ኪሎ ሜትር ከፍ ካለ ነገር እንዳያልፍ በመመሪያ ተወስኗል፤ ሞገዱ የቦዩን ዳር ይንዳልና። አንድ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሽማግሌ በዳር በኩል ቀድመውን ሄደው ድልድይ ላይ ቆመው ጠብቀውናል። የመጀመሪያው ቀን ያናድዳል። በሁለተኛው ቀን ሰዓትሽን ማየት ትተያለሽ። ውኃው ከፍታ ሲለውጥ ደግሞ ጀልባዋን ሁለት በሮች መካከል ታስገቢና በእጅሽ መክፈቻውን አዙረሽ ውኃ ትለቂያለሽ፤ ያለ አንዳች ሞተር ውኃው ራሱ እንደ እናት እቅፍ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳሻል። በዚያው ቦይ ላይ ፖንትከሰልተ የሚባል በ1805 የተከፈተ የውኃ ድልድይ አለ። 307 ሜትር ይረዝማል፤ ከሸለቆው 38 ሜትር ከፍ ብሎ ጀልባው በብረት ገንዳ ውስጥ ይሄዳል፤ በአንዱ ጎን መደገፊያ አጥር እንኳ የለውም። ጦሳ ተራራ ላይ ቆሜ ደሴን ቁልቁል ሳይ እግሬ የማይንቀጠቀጥ ሰው እዚያ ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ያቺ የሥጋ እህቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ቦዩ ሰው ሠራሽ፣ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ነው። ብትወድቂ አብዛኛው ቦታ ወገብሽ ድረስ ቢደርስ ነው። ሲመሽ ዳር ላይ ካስማ መትተሽ ጀልባሽን እንደ በቅሎ አስረሽ ትተኛለሽ።

የእኛ ሐይቅ እንዲህ አይደለም። ርዝመቱም ስፋቱም ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር፣ የቆዳ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዳር ሆነሽ ስታዪው ጠዋት ተነስቶ ለቁርስ መመለስ የሚቻልበት ይመስላል። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ መሆኑን ስታስቢ የእኛው ትንሹ ሐይቅ ምን ዓይነት ጉድጓድ እንደሆነ ይገባሻል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ጀልባዋን በገዛን በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወጣን። ሞተሩን የሸጠልን ነጋዴ «15 ፈረስ ጉልበት ነው፣ ስድስት ሰው እንደ ላባ ያነሳል» ብሎን ነበር። አልዋሸም ይሆናል፣ ግን ሐይቅ ከባሕር ጠለል ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑን አልነገረንም። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። መሀል ስንደርስ ነፋሱ ተነሳ፣ ሞገዱ ነጭ ራስ አወጣ፣ ሞተሩ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። አንዱ ጓደኛዬ በኩራት «መልሕቅ ጣሉ!» አለ። ጣልን። ገመዱ 25 ሜትር ነበር። መልሕቁ ምንም ሳይነካ እንደ ባልዲ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እኛም እየተሽከረከርን ሄድን ሄድንና ቄጠማ ውስጥ ገባን። ጨልሞ ከዚያ ያወጡን በታንኳ የመጡ ሁለት ወጣቶች ናቸው። አንደኛው ምን እንዳለን ታውቂያለሽ? «አያ፣ እኛ እኮ በዚህ ሰዓት ዋና እንኳ አንዋኝም።»

ስለዚህ እህቴ፣ ሐይቅ ላይ አይታደርም። መኝታ ያለው ጀልባ የለም፣ መጸዳጃ የለም፣ ሌሊት የምታስሪበት ወደብም የለም። ሐይቅ ላይ ይረፈዳል እንጂ። ማረፊያችሁን ሐይቁ ዳር ወይም ሐይቅ ከተማ ውስጥ አድርጉ፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደሴ ያላችሁ ዘመድ ቤት ማደርም ይቻላል፤ ግን አልመክርም፤ ጎሕ ሲቀድ ውኃው ላይ መድረስ አትችሉም። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ውኃው እንደ መስታወት ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደ ደመወዝተኛ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ወደ 11 ሰዓት ተመልሶ ይረጋል፤ ያኔ ለአንድ ሰዓት ያህል ዳር ዳሩን መውጣት ደስ ይላል፤ ግን ተስፋ አታድርጉበት።

ጀልባ ስትከራዩ አንድ ምክር አለኝ፤ ከሁሉም በላይ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። ባለጀልባዎቹ የለመዱት ደርሶ መልስ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። በደርሶ መልስ ከተዋዋላችሁ ባለጀልባው ሌላ እንግዳ እንዳያመልጠው ይበርራል፤ ልጆቹ በውኃ ይረጠባሉ፣ እናትሽ የጀልባውን ጎን ሁለት እጃቸው እስኪደነዝዝ ይይዛሉ፣ በ25 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ ዋጋውን በጠዋቱ ሙሉ ተነጋገሩ። «ከ12 እስከ 4 ሰዓት ያንተ ነን፣ መሀል ላይ ሞተር ታጠፋለህ፣ በመቅዘፊያ ትሄዳለህ፣ ቤንዚኑ የተረፈህም ያንተ ነው» በሉት። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ ራሱ ሞተሩን ማጥፋት ይወዳል። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት የመቅዘፊያውን ጠብታ፣ የወፎቹን ድምፅና ከማዶ ከብት የሚያስወጣ ልጅ ጥሪ ነው። እኔ ለቦዩ ያለኝ ናፍቆት የሚወጣልኝ በዚያ ሰዓት ነው።

ሐይቁ ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ነገር ለእናትሽ ሲባል ሊነገር ይገባል። ገዳሙ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው፤ ዛሬ ከምድር ጋር ቢያያዝም ጥንት ደሴት ነበር። ሴቶች አይገቡም። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ወንዶቹ ይገባሉ፣ እናቶች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከዚያ ይልቅ በጀልባ በውኃው በኩል አምጧቸው። የእኔ እናት ወሎ ተወልዳ አርጅታ ገዳሙን አይታው አታውቅም ነበር። አንድ ጠዋት በጋቢ ጠቅልለን አመጣናት። ባለጀልባው ሙስሊም ነው። ዛፎቹ መታየት ሲጀምሩ ማንም ሳያዘው ሞተሩን አጠፋና መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ዝም አለ። እናቴ ተነስታ ቆመች። ጀልባ ላይ አይቆምም፣ ሁልጊዜ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ቀሚሷን ከኋላ ይዤ ዝም አልኩ። ተሳለመች። ስትቀመጥ የጠየቀችኝ «ይህ ልጅ ቁርስ በልቷል?» ብላ ነው።

ስለ ምግብ ከተነሳ፣ በጀልባ ላይ ከሰል እንዳታነዱ። ቡና ያለ ጀበና ምኑ ቡና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። ቤንዚን ጀሪካን አጠገብ እሳት ግን ጨዋታ አይደለም። አቦሉን በፔርሙዝ ይዛችሁ ውጡ፤ ቶናውና በረካው ዳር ላይ ይጠብቃችኋል። ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ከውኃ ስትወጡ ደግሞ ትኩስ ዓሣ አለ፤ ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ በአዋዜ ሲመጣ አምባዛ የሚመርጡትን አልረዳቸውም። ይህ ሁላችንም «የሐይቅ ዓሣ» እያልን የምንኮራበት ቆሮሶ ግን ራሱ እንግዳ ነው፤ ሐይቁ ላይ የተጨመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ብዙ የወሎ እንግዳ ባለቤት ሆኖ ቀረ።

ልጆቹን በተመለከተ አልለሳለስም። የነፍስ አድን ሰደርያ በልካቸው ከአዲስ አበባ ይዘሽላቸው ነይ፤ እዚህ የሚገኘው የአዋቂ ስለሆነ ልጅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሰደርያው በራሱ ላይ ይወጣና ልጁ ከታች ይሾልካል። ዳር ዳሩ፣ ቄጠማው ውስጥ፣ በባዶ እግራቸው አይንቦጫረቁ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ትልቁ ልጅሽ መንዳት ከፈለገ ባለጀልባውን አስፈቅደሽ አስይዢው፤ እጀታውን ወደ ግራ ሲገፋ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ቀኝ እንደምትሄድ አስቀድመሽ ንገሪው። በእንግሊዙ ቦይም መሪው እንዲሁ ነው፤ እኔ ይህን ሳልረዳ ሌላ ሰው ጀልባ ላይ ወጥቼ ሻይ ሲጠጡ አግኝቻቸዋለሁ።

ለሁለተኛው ጠዋት አርዲቦን አስቡበት። ከሐይቅ ከፍ ብሎ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለ፣ ሰው የማይበዛበት ሐይቅ ነው፤ ትርፍ ውኃው በወንዝ ወርዶ ሐይቅ ይገባል። የእኛው ሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የተቀበለውን ይዞ ይቀመጣል። አርዲቦ ላይ ሞተር ያለው ጀልባ አገኛለሁ ብለሽ አትምጪ፤ በዳሩ መሄድና መቀመጥ ይበቃል። ከፍታው ስለሚጨምር ጠዋቱ ይበርዳል፤ ጋቢ አትርሱ።

ጣና ይሻላል ወይ ላልሽው፣ ጥላ ያለው ጀልባ ከነሾፌሩ ተከራይቶ ከደሴት ደሴት መዋል ከፈለጋችሁ አዎ፣ ባሕር ዳር ይሻላል። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ስለሚገቡ እናትሽ ሥዕሎቹን ያያሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን የወንድ ብቻ ናቸው። ጉማሬም አለ። ከደሴ ግን በወልድያና በደብረ ታቦር ዞሮ አንድ ሙሉ ቀን የሚበላ መንገድ ነው፤ የመንገዱንም ሁኔታ በየቀኑ ጠይቆ መነሳት ያስፈልጋል። ለሦስት ቀን ዕረፍት ሁለቱን ቀን መኪና ላይ ማሳለፍ አይታየኝም።

ከመስቀል በኋላ ያልሽው ጊዜ ጥሩ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ያደፈረሰው የውኃ ዳር ይጠራል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም ገና አልረገፈም። ከኅዳር ወዲያ ከሆነ ለእናትሽ ከጋቢው ላይ ቡልኮ ጨምሪ። የእኛ ጀልባ አምስት ሰው ስለማትይዝ ላበድርሽ አልችልም፤ ባለቤትሽና ልጆቹ ግን ቅዳሜ ከ12 ሰዓት በፊት ከደረሱ አንድ ዙር ይወጣሉ። ከ5 ሰዓት በኋላ ከመጣችሁ እኛን የምታገኙን ዓሣ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው።