ቆዳ ሲበላ፦ ጥያቄና መልስ

ሰውነት የገዛ ቆዳውን በሚያጠቃባቸው በሽታዎች ላይ ማሳከኩ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ጠይቃችኋል። የቻልኩትን ልመልስ። ምርመራችሁን ግን ከሐኪማችሁ ጋር ያዙ።

ጥያቄ፦ ሶርያሲስ (ቀይና ቅርፊት ያለው ሽፍታ የሚያወጣ የቆዳ በሽታ) አለብኝ። የአለርጂ ኪኒን እወስዳለሁ፤ እንቅልፍ ያመጣብኛል እንጂ ማሳከኩን ንክች አያደርገውም። ቤተሰቦቼ «ጭንቀት ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ ጭንቀት ሊያባብሰው ይችላል፤ አንቺ የፈጠርሽው ግን አይደለም። ኪኒኑ የሚያግደው ሂስታሚንን ነው። ሂስታሚን ማስት ሴል ከሚባሉ የቆዳ ሴሎች ይወጣል። እብጥ እብጥ ብሎ በሰዓታት ውስጥ ለሚጠፋ ሽፍታ ኪኒኑ ብዙ ጊዜ ይረዳል። በሶርያሲስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የላይኛው ቆዳ ሴሎች ነርቭ የሚያሳድግ ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ። ቀጫጭኖቹ የነርቭ ጫፎች በትንሽ ነገር ይቆጣሉ።

ሌላም አለ፦ ኢንተርሉኪን-31። በ2004 የታወቀ መልእክተኛ ፕሮቲን ነው። በአብዛኛው የሚያመርቱት ቲ ሴሎች የሚባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ናቸው። ሁሌም የሚገርመኝ፣ ማሳከክን በሚያስተላልፉ ነርቮች ላይ የራሱ መቀበያ አለው። የመከላከያ ሴሉ ነርቩን ያለ አማላጅ ያናግረዋል ማለት ነው። ጡንቻንና ቆዳን የሚያጠቃው ደርማቶማዮሳይተስ በያዘው ቆዳ ውስጥም በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ሐኪምሽን ስለ ጠንከር ያለ የአለርጂ ኪኒን ከመጠየቅ ይልቅ ሶርያሲሱን ራሱን ስለሚያበርድ ሕክምና ጠይቂ። በሶርያሲስ ቆዳን የሚያስቆጣውን ሌላ መልእክተኛ ፕሮቲን፣ ኢንተርሉኪን-17ን፣ የሚያግዱ መድኃኒቶች ቆዳውን ሲያሻሽሉ ማሳከኩም አብሮ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ለምን ማታ ይብሳል?

መልስ፦ ማታ የቆዳን መቆጣት የሚያበርደው ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ ዝቅ ይላል፣ ቆዳ ይሞቃል፣ ውሃም በብዛት ያጣል። ሐሳብን የሚስብ ሌላ ነገርም የለም።

ጥያቄ፦ እናቴ በዕድሜ ገፍተዋል። ለወራት ሲበላቸው ከርሞ አሁን ቆዳቸው ውሃ መቋጠር ጀመረ። ይገናኛል?

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል፤ ሳትዘገይ ወደ ቆዳ ሐኪም ውሰዳቸው። ቡለስ ፔምፊጎይድ የሚባል በሽታ አለ። በእርጅና ይበዛል። ፀረ እንግዳ አካላት (ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች) የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር የሚሰፉትን ሁለት ፕሮቲኖች ያጠቃሉ። ኢኦሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይሰበሰባሉ፣ ማሳከኩ ይጀምራል። ስፌቱ እስኪላቀቅ ድረስ የሚታይ ውሃ ላይኖር ይችላል። በዚህ መሃል «የእርጅና ድርቀት ነው» ተብለው የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ለምርመራ አንዱ ናሙና ውሃ ከቋጠረው አጠገብ፣ ደህና ከሚመስለው ቆዳ ይወሰዳል። ገና ያልተላቀቀውን ስፌት ማየት የሚቻለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሳክ ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ይብስብኛል።

መልስ፦ ማከክ ቀለል ያለ ሕመም ነው። ሕመሙ አከርካሪ ውስጥ የማሳከኩን መልእክት ያፍነዋል፤ እፎይታው ከዚያ ይመጣል። ጥፍርህ ግን ቆዳውን ይሰነጥቃል። የተቆጡት ነርቮች ሰብስታንስ ፒ የሚባል መልእክተኛ ኬሚካል ይለቃሉ፣ እሱ ማስት ሴሎችን ይቀሰቅሳል፣ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ጫን አድርገህ ያዘው። ቅዝቃዜም መልእክቱን ያፍናል፤ ቆዳህ ግን አይቆስልም።

ጥያቄ፦ ክርኔና ጉልበቴ ላይ በጣም የሚበላ ሽፍታ ወጥቷል። ከግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ካለው ፕሮቲን) ነው ብለውኝ ላቆም ነው።

መልስ፦ ግሉተን የሚቀሰቅሰው የቆዳ በሽታ፣ ደርማታይተስ ሄርፔቲፎርሚስ፣ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ግሉተን ማቆም ዋናው ሕክምና ነው፤ ዳፕሶን የሚባል መድኃኒት ደግሞ ማሳከኩን በቀናት ውስጥ ሊያበርድ ይችላል። ግን እባክህ ሳትመረመር አታቁም። ቀድመህ ካቆምክ ምርመራው በሽታውን ሊስተው ይችላል።