«ቀላል ሥራ ይሰጣት» የሚለው ወረቀት ለምን አልሠራም?

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የምሠራው በአንድ የአበባ እርሻ ግሪን ሃውስ ውስጥ ጽጌረዳ ቆረጣ ላይ ነው። ማታ ርጭት ተደርጎ ማለዳ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ እንገባለን፤ ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ከጤና ጣቢያ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» የሚል ወረቀት ባመጣም አስተዳደሩ «ቆረጣ ቀላል ሥራ ነው» ብሎ መለሰኝ። ገበያ ሲሞቅ ደግሞ ፓክ ሃውስ (አበባው የሚለይበትና የሚታሸግበት ቤት) ውስጥ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አቆዩኝ። «ሕጉ የሚከለክለው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው» ይሉኛል። ኮንትራቴ የስድስት ወር ሆኖ ሦስት ጊዜ ታድሷል፤ አሁን ግን «አይታደስልሽም» እየተባልኩ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሦስቱም ጉዳዮች ላይ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። ያጎደለዎት ወረቀቱ ነውና ከእሱ እንጀምር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 የነፍሰ ጡሯ ሥራ ለእርሷ ወይም ለፅንሱ ጤና አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ መዛወር እንዳለባት ይደነግጋል። ስለዚህ የሐኪሙ ወረቀት መመለስ ያለበት «ሥራው አደገኛ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። «ቀላል ሥራ» የሚለው ቃል ይህን አይመልስም፤ የትኛው ሥራ ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደሆነ መወሰኑን ለአሠሪው ይተውለታል። አስተዳደሩም የተጠቀመው በዚሁ ክፍተት ነው። መቀስ ይዞ አበባ መቁረጥ ከክብደት አንጻር ሲታይ በርግጥ ቀላል ነው። ጉዳቱ ያለው ቅጠሉ ላይ በቀረው ኬሚካል ነው።

ወደ ሐኪሙ ሲመለሱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ሐኪሙ ግሪን ሃውሱን አላየውም፣ ምን እንደተረጨም አያውቅም። በር ላይ የሚሰቀለውን የርጭት ማስጠንቀቂያ በስልክዎ ያንሱት። የኬሚካሉን ስም፣ የግሪን ሃውሱን ቁጥር፣ ርጭቱ ያለቀበትን ሰዓትና እናንተ የገባችሁበትን ሰዓት በደብተር ይጻፉ። እያንዳንዱ ፀረ ተባይ ከተረጨ በኋላ ሰው ሳይገባ መቆየት ያለበት ጊዜ በመለያው ላይ ተጽፏል፤ እንደ ኬሚካሉ 12፣ 24 ወይም 48 ሰዓት የሚሉ ብዙ ናቸው። ማታ ተረጭቶ ማለዳ ላይ መግባት ከነዚህ ከአንዱም ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ያኔ ጥሰቱ በእርስዎ ላይ ብቻ ሳይሆን እዚያ በሚቆርጡት ሁሉ ላይ የተፈጸመ ነው።

ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የሚመጣበትን ሰዓትም ይመዝግቡ። ማቅለሽለሽ በእርግዝናም ስለሚመጣ «የእርግዝና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ግሪን ሃውስ ሲገቡ የሚጀምር፣ በዕረፍት ቀንዎ የሚጠፋ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። ምራቅ መብዛት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የጡንቻ መንቀጥቀጥ ከመጣ ግን ወረቀቱን ትተው የኬሚካሉን ስም ይዘው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሐኪሙ በዚህ ይዘት እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት፦

«የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ፀረ ተባይ በተረጨበት ግሪን ሃውስ ውስጥ መሥራትና የተረጨ ተክል መንካት ለእርሷም ሆነ ለፅንሱ ጤና አደገኛ ነው። እስክትወልድ ድረስ ኬሚካል በማይደርስበት ቦታ፣ እየተቀመጠች በምትሠራው ሥራ ላይ እንድትመደብ። ይህ ካልተቻለ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሕክምና ዕረፍት እንዲሰጣት አዝዣለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። አሠሪው «ሌላ ቦታ የለኝም» ካለ የሚይዙት እሱን ነው። አንቀጽ 88(2) ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ሐኪም እንድታርፍ ካዘዘ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጣት ያዛል። ይህ ፈቃድ ከወሊድ በፊት ካለው 30 ቀን እና ከወሊድ በኋላ ካለው 90 ቀን አይቀነስም፤ ራሱን የቻለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች ገንዘብ ያጣሉ። የሰው ኃይል ክፍሉ ይህን ዕረፍት በተለመደው የሕመም ፈቃድ ቅጽ ይመዘግበዋል። የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። የእርግዝና ዕረፍት እዚያ ከገባ በሁለተኛው ወር ደመወዝዎ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ በማመልከቻዎ ላይ «በአንቀጽ 88(2) መሠረት» ብለው ይጻፉ፤ የፈቃድ ቅጹ ላይ ሳይፈርሙ በፊትም ምን ተብሎ እንደተሞላ ያንብቡት።

ዝውውሩ ከተፈቀደ ወዴት እንደሚዛወሩም ይጠይቁ። ከግሪን ሃውስ ወደ ፓክ ሃውስ መዛወር ብዙ ጊዜ እንደ መፍትሔ ይቀርባል፤ እኔ ግን አልስማማበትም። አበባ ሲለዩ፣ ቅጠል ሲያራግፉና ሲያስሩ ያው የተረጨው ተክል በእጅዎ ነው። ከዚያም ላይ ቀኑን ሙሉ መቆምና ማቀዝቀዣ ክፍል መመላለስ አለበት። ካርቶን ማዘጋጀት፣ መለያ መለጠፍ፣ የዕቃ መዝገብ መያዝ የተሻሉ ናቸው። «ጓንት እንሰጥሻለን» የሚለውም አይበቃም። ለእሾህ የሚሰጠው የጨርቅ ወይም የቆዳ ጓንት እርጥበቱን ይመጥጥና ኬሚካሉን ቆዳ ላይ አጣብቆ ያቆየዋል፤ ሙቀትና ላብ ደግሞ ወደ ሰውነት መግባቱን ያፋጥኑታል። ተራ የአፍ መሸፈኛም የኬሚካል ተን አያግድም።

በዝውውሩ ምክንያት መደበኛ ደመወዝዎን አሠሪው በራሱ ውሳኔ ሊቀንስ አይችልም። የሥራ ውል ሁኔታ የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሕግ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ነው። «በዚህ ደመወዝ ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ቢቀርብልዎ አይፈርሙ። በቆረጡት ግንድ ቁጥር የሚታሰብ ቦነስ ካለ ግን ሊቀር ስለሚችል አስቀድመው ተነጋገሩበት።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥ። እርግዝናዎን፣ ርጭቱን ከነቀኑ፣ የሐኪሙን ማስረጃ ቁጥር፣ የሚጠይቁትንም ዝውውር ይግለጹ። በግልባጭ ለሠራተኛ ማኅበሩና ለሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴው ይላኩ። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት ቀን ጽፈው ማኅተም አድርገው ይመልሱልዎ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። ለሱፐርቫይዘር በቃል ነግሮ መመለስ በኋላ «አልነገረችንም» ሲባል ምንም አይረዳዎትም።

የምሽቱን ሥራ በተመለከተ ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ክልከላዎችን አንድ አድርጓቸዋል። ሕጉ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው በትርፍ ሰዓት ሥራ መመደብን የሚከለክለው ነው፤ ለዚህኛው ሰዓት አልተቀመጠለትም። መደበኛ ሰዓትዎ 11 ሰዓት ላይ ካበቃ ከዚያ በኋላ እስከ 3 ሰዓት መቆየትዎ ትርፍ ሰዓት ነው፤ ክልክል ነው። «ፈቅጄ ነው» የሚል ፊርማ ተቀብለውዎት ቢሆን እንኳ ክልከላውን አያነሳውም። እስካሁን የሠሩበት ክፍያም አይቀርም፦ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በሰዓት ደመወዝዎ 1.5 እጥፍ ይታሰባል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ግን መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳልና (ከዚያ በኋላ መጠየቅ አይቻልም) አያቆዩት።

ለእርግዝና ክትትል የሚሄዱባቸው ሰዓታት ከደመወዝ ጋር ናቸው፤ ከዓመት ፈቃድ አይቀነሱም። መመርመርዎን የሚያሳይ ማስረጃ ማምጣት ግን የእርስዎ ግዴታ ነው።

ወደ ኮንትራቱ ልምጣ። የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ማድረግ የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚቆረጥ ጽጌረዳ ላይ የስድስት ወር ውል እየደጋገሙ ማስፈረም ሥራውን ጊዜያዊ አያደርገውም። ስለዚህ «ውሉ አልታደሰም» ማለት በተግባር ማሰናበት ነው ብለው የሚከራከሩበት ጠንካራ መሠረት አለዎት። አሠሪው ደግሞ በእርግዝና ወቅትና ከወለዱ በኋላ እስከ 4 ወር ውልዎን ማቋረጥ አይችልም፤ ከእርግዝናውና ከወሊዱ ጋር የማይገናኝ፣ ሕጉ ያወቀው ምክንያት ካለ ብቻ ነው የሚቻለው። እርግዝና ራሱ በአንቀጽ 26 ለስንብት ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም ከተባሉት አንዱ ነው። በዚህ ምክንያት የተሰናበተች ሠራተኛ ወደ ሥራዋ የመመለስ መብት አላት፤ መመለስ ካልፈለገች ካሣ ይከፈላታል። ሁሉንም ውሎች፣ የደመወዝ ወረቀቶችንና መታወቂያዎን ፎቶ አንሥተው ከግቢው ውጭ ያስቀምጡ።

ከወለዱ በኋላ ወደ ሥራ ሲመለሱ የኬሚካሉ ጉዳይ አይዘጋም። አዋጁ ለጡት ማጥባት የተለየ ዕረፍት አላስቀመጠም፤ የኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ ግን ሊኖር ስለሚችል ከሠራተኛ ማኅበሩ ጠይቀው ያንብቡት። ከሌለ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አሠሪው የሠራተኛን ጤና የመጠበቅ ግዴታው በአንቀጽ 92 እንዳለ ነው። የሥራ ልብስዎን እርሻው ውስጥ ይቀይሩ፣ ከሕፃኑ ልብስ ጋር አይጠቡት፣ እጅዎንና ደረትዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ጡት አያጥቡ።

ማመልከቻዎ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘ በወረዳችሁ ወደሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይሂዱና የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር እንዲደረግ ያመልክቱ። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ ወደ እርሻው የመግባት ሥልጣን አለው። የርጭት መዝገቡን ከቆረጣ ሰዓታችሁ ጋር እንዲያስተያየው በማመልከቻዎ ላይ ይጠይቁ።

መልስ እስኪመጣ ድረስ ግን ያለ ፈቃድ ከሥራ አይቅሩ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ይሆናል፤ ያኔ ክርክሩ ከእርግዝናዎ ወጥቶ መቅረትዎ ላይ ይሆናል። የሐኪም ዕረፍት ካለዎት ግን ቅጂውን አስገብተው፣ ማኅተም አስደርገው ይረፉ።

ካሰናበቱዎት ወደ ሥራ የመመለስ ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት መቅረብ አለበት። ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቁም። ቀኑ የሚቆጠረው በወሊድ ፈቃድ ላይ ሆነውም ነውና የስንብት ደብዳቤ አራስ ቤት ቢደርስዎት ፋይሉን የሚከፍትልዎ ሰው ከአሁኑ በውክልና ያዘጋጁ።