ከማተሚያ ቤት ወደ ኢሜይል ለመጣችሁ ዲዛይነሮች፦ ጠይቁኝ

እኔም ከፍላየርና ከብሮሸር ነው የመጣሁት። አሁን እንጀራዬ ኢሜይል ነው። ጠይቁ፣ ግን ኢሜይል ወረቀት አይደለም። ዛሬ ይህን ስደጋግመው ትሰማላችሁ።

ቀለሟ፦ ጋሼ፣ ደንበኛዬ የፋሲካውን ፍላየር እንዳለ በኢሜይል ላኪልኝ አለኝ። ጄፔግ አድርጌ ብልከውስ?

መልስ፦ አይሆንም። አውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ካልፈቀደ ምስል አያወርድም። ጽሑፍሽ ሁሉ ምስል ውስጥ ከሆነ ሰውየው የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው። ቢከፈትለትም ኤ4 ላይ ደህና ይነበብ የነበረው ፊደል ስልክ ላይ ጉንዳን ያክላል። ርእሱን፣ ዋጋውን፣ ቀኑንና ስልክ ቁጥሩን በጽሑፍ ጻፊ። ፎቶው ጌጥ ይሁን፤ ካልተከፈተ በቦታው የሚነበብ አጭር ጽሑፍም ስጪው። ስፋቱ 600 ፒክሰል አካባቢ።

የማተሚያው ልጅ፦ 300 ዲፒአይ (በኢንች የነጥብ ብዛት) ነው? በሲኤምዋይኬ፣ በማተሚያው ቀለም?

መልስ፦ ዲፒአይ እርሳው። በ600 ፒክሰል ስፋት ለሚታይ ፎቶ 1200 ፒክሰል ስፋት፣ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም)። አለቀ።

ጥቁር አንበሳ፦ እኔ ጽሑፉን ፎቶ ላይ ደርቤ ሠራሁት። ጂሜይል ላይ ምንም አልሆነም፣ ደንበኛው ቢሮ ሲከፈት ግን ተበታተነ።

መልስ፦ ቢሮው አሮጌውን የዊንዶውስ አውትሉክ ነው የሚከፍተው። ያ ፕሮግራም ከ2007 እትሙ ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በዎርድ ሞተር ነው። አዎ፣ ማመልከቻ በምንጽፍበት በዎርድ! ከጽሑፍ ጀርባ ያለ ፎቶ ልዩ ኮድ ካልጨመርክለት አያሳይም። እስከ ዛሬ ኢሜይልን በቴብል (በሠንጠረዥ) የምንሠራው ለዚህ ነው። አዲሱ አውትሉክ ከዚህ ወጥቷል፣ ግን ደንበኛህ በየትኛው እንደሚከፍት አንተ አትመርጥም።

ፊደል ወዳድ፦ በድሮው የግዕዝ ፎንት የጻፍኩትን ገልብጬ ብለጥፍ የማይገባ ምልክት ሆነ።

መልስ፦ እሰይ፣ ይቺን ስጠብቅ ነበር። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ነገር ውስጡ አማርኛ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ የአማርኛ ልብስ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ማተሚያ ቤት ፎንቱ ስለተጫነ ማንም ልብ አይለውም። ተቀባዩ ጋ ፎንቱ ስለሌለ ራቁቱን ይደርሳል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ ከገባ እኮ ቆየ፣ በፈረንጆቹ 1999 ነው! በዩኒኮድ ጻፍ። ፎንቱን ደግሞ አንተ አትመርጥም፦ ዊንዶውስ ኤብሪማን፣ አይፎን ኬፋን፣ አንድሮይድ ኖቶን ያመጣል። የራስህን ብትልክ አፕል ሜይል ይቀበልህ ይሆናል፣ ጂሜይል ግን አይቀበልም። የፊደሉ ስፋት በየፎንቱ ስለሚለያይ ርእስህ አንዱ ጋ በአንድ መስመር ያልቃል፣ ሌላው ጋ ሁለት ይሆናል። ሁለቱም እንዲያምር አድርገህ ሥራ። ሌላም አለ። ጂሜይል የኢሜይሉ ኮድ፣ ጽሑፉን ጨምሮ፣ ከ102 ኪሎባይት ካለፈ ይቆርጠዋል። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ነው፣ የእኛ 3።

ጥቁር አንበሳ፦ የእኛ አንዱ ፊደል እኮ አናባቢውንም ይዟል። ሦስት እጥፍ አይሆንም።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ አይሆንም። ከዎርድ ገልብጠህ ስትለጥፍ የሚከተልህ ቆሻሻ ኮድ ግን ይሞላዋል።

የማተሚያው ልጅ፦ እኔ ኤብሪማን አልወደውም። ኒያላ ይሻላል።

ቀለሟ፦ ኒያላ? ትንሽ ሲሆን እኮ ዓይን ያጠፋል!

የማተሚያው ልጅ፦ ርእስ ላይ አይተሽዋል?

መልስ፦ ጨርሳችሁ? ሌላው ስልክ ላይ የሚመጣውን ፎንት አትመርጡም አልኩ እኮ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፍላየሩን በምስል ብልከውስ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ። ግን ኢሜይሌ አይሠራም።

መልስ፦ ምኑ? የት? በምን ከፍተኸው? ወረቀት ቢሆን «ወረቀቴ አይሠራም» ትላለህ?

ፊደል ወዳድ፦ ጋሼ፣ ለአንድ ኢሜይል ስንት ልጠይቅ?

መልስ፦ እሱን ከደንበኛህ ጋር።

ቀለሟ፦ የመጨረሻ፣ የሚንቀሳቀስ ጂፍስ?

መልስ፦ ይቻላል። የአሮጌው አውትሉክ አንዳንድ እትሞች ግን የመጀመሪያዋን ፍሬም (የመጀመሪያዋን ምስል) ብቻ ነው የሚያሳዩት። ቅናሹን እዚያች ላይ አድርጊው።