ጋዝ ተሞልቶ በሁለት ሳምንት ለሚሞቅ የአሮጌ መኪና ኤሲ

ጋዙ የሆነ ቦታ ያፈሳል። «ካስሞላሁ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሞቀ፣ የኮምፕሬሰሩ ክላችም አይዝም» ያልከው ራሱ ምልክቱ ነው። የጋዙ ግፊት ሲወርድ የግፊት ስዊቹ ክላቹን (ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን) ያጠፋዋል። ስለዚህ ደግመህ አታስሞላ።

መጀመሪያ ደረቅ ናይትሮጅን በሬጉሌተር (ግፊት መቆጣጠሪያ) አስገብተህ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባ። የኮምፕሬሰሩን የዘንግ ጎሚኒ በተለይ እይ፤ ቆሞ በሚከርም መኪና ላይ ይደርቃል። ቅባት የያዘ አቧራ ካየህ ቦታው እሱ ነው።

ኤሲው በድሮው ጋዝ በአር-12 ይሠራ ከነበረና ወደ አዲሱ ጋዝ ወደ አር-134ኤ የምትቀይረው ከሆነ፦

1. የድሮውን ዘይት አጥበህ አውጣ። ማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፤ ኤስተር ዘይት ተጠቀም።
2. ኦሪንጎቹን (የመገጣጠሚያ ጎማ ቀለበቶቹን) እና እርጥበት የሚመጠውን ማድረቂያ ቀይር። አሮጌ ማድረቂያ መልሶ መግጠም ለብቻው ራስ ምታት ነው።
3. 45 ደቂቃ ያህል ቫኪዩም አድርግ፤ ማለትም በፓምፕ ውስጡ ያለውን አየር ምጠጥ። ፓምፑን ዘግተህ የግፊት ጌጁ አለመንቀሳቀሱን እይ።
4. ከድሮው ጋዝ መጠን 80 እስከ 85 በመቶ ብቻ ሙላ።

የግፊት ስዊቹን ግን አልፈህ በሽቦ ቀጥታ እንዳታገናኝ። እኔ «ክላቹ ይሠራ እንደሆነ ልይ» ብዬ አገናኝቼ ረሳሁት። ዘይቱ የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ የለም፣ ዘይት የለም፤ ደህናው ኮምፕሬሰር ነክሶ ቀረ።